ከግድግዳው የወጣው ልጅ

የዘይት ቀለም ሽታ ሲደርሰኝ የያዝኩትን ሥራ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ወጣት የሱቅ በር አረንጓዴ ሲቀባ ቆሜ አየሁት። ቀለሙን በቤንዚን ሲያቀጥነው ሽታው መንገዱን ሞላው፤ አምስት ሰዎችም አንድ ላይ ትዝ አሉኝ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ የቡና መጋዘን ሠራተኛ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዘች። ሦስተኛዋ አከራያችን፣ በረንዳዋ ላይ ልብስ የምትሰፋ ሴት። አራተኛው ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ። አምስተኛው የከተማውን ሱቆች በሙሉ የሚሥለው ሰዓሊ። ስድስተኛ ልቁጠር ካልኩ ግድግዳው ላይ የነበረው ልጅ አለ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው።

ሚዛን ተፈሪ ነበርን፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ። ባጃጅ ገና አልመጣም፤ ጎረቤታችን አማን ከተማ ድረስ አብዛኛው ሰው በእግሩ ይሄዳል።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በልጅነቴ ከኖርኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ከመኝታዬ አጠገብ ያለውን ገጽ ስጨርስ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጣሪያው እየተንጠራራሁ አነበብኩ። ግድግዳ ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ እውነት የሚመስለኝ ከዚያ የተነሣ ይሆናል።

ገንዘብ ማባከን አልወድም፤ ዛሬም ልጆቼን በዚህ እገሥጻለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን እኔም አንድ ድክመት ነበረብኝ፤ ቅዳሜ ገበያ የሚዘረገፈው የሰልባጅ ክምር። እጄን እስከ ክንዴ ከትቼ ስፈትሽ፣ ያ የብል መድኃኒት ሽታ ሲወጣ፣ ልቤ እንደ ልጅ ይመታ ነበር። ከዚያ ክምር የቆዳ መነጽር ቤት አግኝቻለሁ፤ መነጽር ግን አልነበረኝም። ቁልፉ የጠፋ የእንጨት ሣጥንም አግኝቻለሁ። በአንድ የመስከረም ቅዳሜ ደግሞ የሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት እጄ ውስጥ ገባ። ስድስት የነሐስ ቁልፎች ነበሩት፤ በእያንዳንዱ ላይ የመርከብ መልሕቅ ተቀርጿል።

ሥጋ ሻጩ ቁልፉን በጣቱ እያሸ አየው። «ይሄማ የእኔ መንጠቆ ነው። ልጅህ ሥጋ ቤት ሊከፍት ነው» አለኝ።

መልሕቅ መርከብን እንዴት እንደሚያቆም ከጋዜጣው ያነበብኩትን አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። «ሚዛን ላይ መርከብ ሲመጣ ትጠራኛለህ» ብሎ ወደ ሥጋው ተመለሰ።

ካፖርቱን ይዤ ወደ ሰዓሊው ሄድኩ። ይህ ሰው በሥጋ ቤቱ በር ላይ የሣለው ቀይ በሬ የታወቀ ነበር፤ ከገጠር የመጣ አንድ ሽማግሌ ከፊቱ ቆሞ ጥርሱን ለማየት ሲያጎነብስ እኔ ራሴ አይቻለሁ። ይህን ካፖርት የለበሰ፣ መጽሐፍ በብብቱ የያዘ ወንድ ልጅ በመንገድ በኩል ባለው ግድግዳችን ላይ እንዲሥልልኝ ለመንኩት። ሁለት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች «እንዴት አደርክ» እያሉት ያልፉ ጀመር። ሙዝ የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ያዩታል። ቁልፎቹ በጠዋት ፀሐይ የእውነት ያበራሉ። እኔ ከመጋዘን ስመለስ በሌላኛው የመንገድ ዳር ቆሜ አየው ነበር፤ ደስታዬን ለማንም አልነግርም፣ ግን እራቴን እስክረሳ እቆማለሁ።

ባለቤቴ አንድ ማታ «ሴት ብትሆንስ?» አለችኝ።

«ግድግዳው ላይ ያለውን አላየሽም እንዴ?» አልኳት።

 ጀሪካኗን አንሥታ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። እኔ ዝምታዋን መስማማት አደረግሁት፤ ብዙ ወንዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ምጧ የመጣው በኅዳር ነው። በየደጁ ከነገለባው የሚደርቀው ጀንፈል ቡና ተሰጥቶ፣ ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታው ከእርጥብ አፈር ጋር ይመጣ ነበር፤ ደመና በታየ ቁጥር ሰው ሁሉ ሸራ ይዞ ይሮጣል። አከራያችን ባለቤቴን ይዛ አማን ሐኪም ቤት አድራ በማግሥቱ ጠዋት እግሯ በጭቃ ተለውሶ ተመለሰች።

«ሴት ናት። ደኅና ናት፣ እናቷም ደኅና ናት» አለችኝ። ከዚያ ጫማዋን እያወለቀች «መልእክትም አለህ» አለች። «‹ግድግዳው ላይ ያለው ልጅ ሳይወጣ እኔ አልገባም። ሸኮ እናቴ አለችልኝ› ብላሃለች።»

«ቀልዷን ነው፣ እትዬ።»

«የሸኮ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ አስጠይቃኛለች። እንዲህ ያለ ቀልድ ታውቃለህ? ነገ ከሰዓት ትወጣለች።»

 ልጄን ገና ሳላያት ከቤቴ ልትርቅ ነው፤ ያራቅኋትም እኔው ነኝ። መዶሻና መሮ ይዤ ወጣሁ። አከራያችን በሩ ላይ ቆመችብኝ። «ግድግዳዬ ጭቃ ነው፤ ከፋቅከው አብሮ ይወርዳል። ሌላ መላ ፈልግ» አለች። ሰዓሊው ደግሞ በቡና ነጋዴዎች መጋዘን ላይ ስም ሊጽፍ ቴፒ ሄዷል። በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ወረቀት ላክሁበትና እኔው ጨርቅ በናፍጣ ነክሬ ማሸት ጀመርኩ። የልጁ ሱሪ ሟሟ፣ ጫማው ወደ ታች ፈሰሰ፤ ከወገቡ በላይ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎርፍ ውስጥ ገብቶ የሚያየኝ መሰለ።

ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እንደያዘ መጥቶ ተመለከተ። «ሰጠመ እኮ። ያ መልሕቅ የሚያስፈልገው አሁን ነበር» አለ።

ሰዓሊው በማግሥቱ ጠዋት የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጦ መጣ፤ ከጭቃው ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጣሳዎቹ በሙሉ ባዶ ነበሩ። ግድግዳውን ሲያይ የታመመ ሰው የሚጠይቅ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ልጁን በናፍጣ ያጥባል?»

በኖራ ሸፍነው አልኩት። አሻፈረኝ አለ። «የሣልኩትን ልጅ አልቀብርም። ፊቱ ምን አደረገህ? የሦስት ዓመት ልጅ ፊት የወንድም የሴትም ነው። ከአንገት በታች ያለው የልብስ ጉዳይ ነው፤ እሱን እሷ ታውቃለች» ብሎ ወደ አከራያችን አመለከተ። እሷም ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ግድግዳውን ለካች። የእውነት ለካች፤ «ከጉልበቷ ትንሽ ውረድ፣ ወገቡ ላይ ሰብሰብ አድርገው» እያለች አዘዘችው።

ሥጋ ሻጩ ለፋሲካ በሬውን ሊያድስበት ያስቀመጠውን ቀይ አመጣ። አከራያችን ለመስኮቷ የገዛችውን ሰማያዊ ሰጠች። ሰዓሊው በቀዩ ቀሚስ፣ በሰማያዊው መቀነት አለበሳት፤ ከጣሳዎቹ ቂጥም ጥቁር ፍቆ ሁለት ሹሩባ ሠራላት። እኔ ያዘዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «መጽሐፉን አትንካው» አልኩት።

«ማን ሊነካው ነው? ሴት አታነብም ያለህ ማነው?» አለችኝ አከራያችን፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ክሩ የካፖርቱ ነበር። ካፖርቱን ስጠኝ ስትለኝ ሰጠኋት፤ መቀሱ ያን ወፍራም ሱፍ ሲቆርጠው ፊቴን አዞርኩ። እስከ ቀትር ድረስ ኮፍያ ያለው የሕፃን መጠቅለያ አደረገችው፤ ገላ የሚነካውን በለሰለሰ አሮጌ ነጠላዋ ገበረችው፣ ስድስቱንም ቁልፎች ከፊት ደረደረችበት። ሥጋ ሻጩም ከበሬ ቀንድ ጫፍ ቀርጾ ውስጡ ሦስት ፍሬ ቡና የከተተበትን መጫወቻ ከኪሱ አወጣ። ሲያንቀሳቅሰው ሻ ይላል። መቼ እንደሠራው ስንጠይቀው «እኔ ወንድም ሴትም ብዬ ነው የሠራሁት» አለ፤ ወደ እኔ ሳያይ።

አከራያችን «መጥተሽ እዪው» ብላ ልካባት ነበርና፣ ከሰዓት ካፊያ እየጣለ ባለቤቴ ከእህቷ ጋር መጣች። ልጅቱን በደረቷ ይዛ በሌላኛው የመንገድ ዳር ቆመች። እኔ ደስታዬን ይዤ የምቆምበት ቦታ ላይ ነው የቆመችው። ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አየች።

«የት ሄደ?» አለች።

«ቴፒ» አለ ሥጋ ሻጩ።

ሰዓሊው ሳቀ፣ አከራያችን አፏን ያዘች። ባለቤቴ አልሳቀችም፤ የምታየው እኔን ነበር። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ድካማችን ልናገር አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«አጥፍቻለሁ። ገና ሳትወለድ ሌላ ልጅ ደጃፏ ላይ አቆምኩባት። ይቅር በይኝ» አልኳት። በሠፈራችን ወንድ ልጅ ሰው ፊት ሚስቱን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መንገዱን ተሻገረች። ግድግዳው ሥር ስትደርስ ልጅቱን ወደ ሥዕሉ አዞረችና «ተዋወቂያት፣ ታላቅሽ ናት» አለቻት። ያን ጊዜ እሷም ሳቀች። የነጠላዋ ጫፍ እርጥቡን ቀይ ቀሚስ ነክቶ ቀላ።

አከራያችን እልልታዋን አቀለጠችው። ለሴት ልጅ ሦስት፣ ለወንድ ሰባት እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ እሷ ግን አሥር አደረሰችው። ምነው ስንላት «ሦስቱ ለገባችው፣ ሰባቱ ለወጣው» አለች።

ቤቱ መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል፤ ሰዓሊውም ዐርፏል። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት ሰው «ቀይ ቀሚሷ ጋ ጠብቀኝ» እየተባባለ ይቀጣጠርባት ነበር። ልጄ አሁን ራሷ አስተማሪ ናት።

ሁላችን ያወጣነውን ልደምረው። ከሥጋ ሻጩ ግማሽ ጣሳ ቀይ፤ በሬው በዚያ ፋሲካ ሳይታደስ ቀረ። ከሰዓሊው የቴፒ ሥራው እኩሌታ። ከአከራያችን የመስኮቷ ሰማያዊ፣ የግማሽ ቀን ስፌትና ለሁለት ቀን የጠፋ ድምፅ። ከእኔ አንድ ካፖርትና አንድ ቃል። ከባለቤቴ ግን ሁለት ወር ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሆዷን ደግፋ በዚያ ልጅ ዓይን ሥር ማለፏ ነው። የሌሎቻችንን በዚያው ቀን በሳቅ ዘጋነው። የእሷ ምን ያህል እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።