አክስቴ በአጥሩ ጥግ የሰማችው ታሪክ

ባለፈው ሳምንት ከአሰላ አንድ ወጣት ደወለልኝ። የአንባቢያን ክበብ አቋቁመናል፣ መጥተው ስለ አጻጻፍዎ ቢያወጉን አለኝ። ደስ አለኝ። በዚህ ወራት ከኢተያ እስከ አሰላ መንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴ ይታጨዳል፤ የገለባው ብናኝ መኪና ውስጥ ገብቶ ጉሮሮ ይከረክራል። እሱንም ሳይቀር ናፍቄ ነበር። ልጁ ግን ጨመረበት፦

"የሚያስተዋውቁዎት መምህር አንዳርጌ ናቸው። ችሎታዎን መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው አሉ።"

ደሜ ፈላ። ሐኪሜ ጨውንና ንዴትን ከከለከለኝ ቆይቷል፤ ጨዉን ትቼዋለሁ።

ጋዜጠኞች "ለመጻፍ ያነሳሳዎት ማን ነው?" ሲሉኝ ሁልጊዜ እናቴ ናት እላለሁ። እናቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠኝ ግን ደግነት አይደለም። ጥላቻ ነው። ስምም አለው፣ ቲቸር አንዳርጌ ይባላል። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቲቸር አንዳርጌ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የአማርኛ አስተማሪ ሲሆን ሚኒ ሚዲያውንም የሚመራው እሱ ነበር። በሚኒ ሚዲያ በዕረፍት ሰዓት ተማሪ የጻፈው ጽሑፍ በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ ማጉያው ጣሪያ ላይ ስለተሰቀለ ውጭ መንገድ ላይ ያለ ባለጋሪ ሁሉ ይሰማል። ድምፁ ሸጋ ነበር፣ አልክድም። አሰላን ግን ይንቅ ነበር። "እዚህ አገር የሚበቅለው ስንዴ እንጂ ደራሲ አይደለም" እያለ፣ ኦሮምኛ ቃና ያለውን አማርኛችንን አስመስሎ እየተናገረ እኛኑ በራሳችን ላይ ያስቀን ነበር።

እልህ ይዞኝ ስለ አዳዳ ጫልቱ ጻፍኩ። አዳዳ በእኛ ዘንድ የአባት እህት ናት። ኢተያ አግብታ ትኖር ነበር፤ ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ መሬቷን ነጠቋት። ኮምባይነሩ ማሳውን አጭዶ ሲወጣ፣ እሷ በሐዘን ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከገዛ መሬቷ ላይ ጎንበስ ብላ ቃርሚያ ትለቅም ነበር። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ሌላ ቅጂ አላስቀረሁም። ቲቸር አንዳርጌ ተቀበለኝና "ዓርብ ይነበባል" አለኝ።

አዳዳ ፊደል አልቆጠረችም። በዚያ ዓመት ቀበሌውም ሽማግሌውም ነገ ተነገ ወዲያ እያሉ አመላልሰዋታል፤ አቤቱታዋን እስከ መጨረሻው ያዳመጠ አንድ ሰው አልነበረም። ታሪክሽ በማጉያ ሊነበብ ነው ብዬ መልእክት ብልክባት "ሰው ይሰማዋል?" ብላ ጠየቀች አሉ። ከተማው ሁሉ ይሰማዋል ብዬ መለስኩ።

ዓርብ ዕለት ለአንባቢው ጩኮ ቋጥራ በሚኒባስ መጣች። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ያሸች እንደሆነ ኮረሪማው ከሩቅ ይጣራል። የጭላሎ ተራራ ነፋስ ጥቁር ነጠላዋን እየገለበ አጥሩ ጥግ ቆመች፤ እኔ በውስጥ በኩል ሆኜ በሽቦው መሐል እጇን ያዝኩ።

ማጉያው ሲጢጥ አለና ቲቸር አንዳርጌ ስሜን ጠራ። ማንበብም ጀመረ። ከማጉያው የወጣችው የማላውቃት ልጃገረድ ነበረች፤ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የሚደርስ፣ አንገቷ ብርሌ፣ ወንዝ ወርዳ ውኃ ስትቀዳ አንድ ባለፈረስ በፍቅር የሚወድቅላት። መሬት የለም። የባል ወንድሞች የሉም። ኮምባይነርም የለም። ሲጨርስ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ፤ ያጨበጨቡት ደግሞ ለእኔ ነበር።

አዳዳ እጇን አላስለቀቀችኝም። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀችና ወደ ማጉያው ቀና አለች።

"ይህቺስ ቆንጆ ናት፣ ኢልመ ኮ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። "የኔው መቼ ነው?"

ቀጥላም "ሰውዬው ደክሟል፣ ስጠው" ብላ ቋጠሮውን በሽቦው አሾልካ ሰጠችኝ። ይዤው ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገባሁ። ቲቸር አንዳርጌ ከእጄ ተቀብሎ ፈታና መጉረስ ጀመረ።

"ቲቸር፣ ያነበቡት የኔ አይደለም።"

"አስተካከልኩልህ" አለ እያላመጠ። "ጥበብ ማለት ውበት ነው። ስለ መላጣ ቃራሚ ማን መስማት ይፈልጋል?"

"አጥሩ ጋ ቆማለች። እባክዎ፣ የኔን ያንብቡላት።"

"ወረቀቱንማ ጣልኩት፣ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ይሄ ጩኮ ግሩም ነው። ማን ሠራው?"

"መላጣዋ" አልኩት። ሳቀ።

አዳዳ የመጀመሪያ መጽሐፌ ሳይወጣ ሞተች። መሬቷንም አላገኘችም። እኔም ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ ቆሜ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በእሱ ድምፅ ከጣፈጠኝ ወዲያው እሰርዘዋለሁ። ሰው የጻፈውም ቢሆን፣ የሴት ፀጉር በማሞገስ የሚጀምር መጽሐፍ ከሆነ ሁለተኛውን ገጽ አልገልጥም። ተቺዎች አጻጻፉ ደረቅ ነው ይሉኛል። ይበሉ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ የአዳዳን ታሪክ እንደገና ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ያቺ የወንዝ ዳር ልጃገረድ ቀድማኝ ወረቀቱ ላይ ትገኛለች።

ትናንት ከአሰላው ወጣት የቲቸር አንዳርጌን ቁጥር ተቀብዬ ደወልኩለት። በዓመታት ያጠራቀምኩት ስድብ ምላሴ ላይ ነበር። የደከመ የሽማግሌ ድምፅ አነሳ።

"ልጄ! ያ ታሪክህ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም" አለኝ። "ያቺ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የሚደርሰው..."

"ፀጉሯን የተላጨች ሴት ነበረች" ብዬ ጮኽኩበት። "ከገዛ መሬቷ ላይ ቃርሚያ ትለቅም ነበር።"

ከልቡ ያሰበበት ይመስለኛል።

"ታዲያ እንደሱ አድርገህ ብትጽፈው ይሻል ነበር እኮ" አለኝ። "ምን ታደርግ፣ ያኔ ልጅ ነበርክ።"

ስልኩን ዘጋሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማ ነበር፤ የወጋው መውጋቱን እንኳ እስከማያውቅ ድረስ እንደሚረሳ ግን ማንም አልነገረኝም። ተነስቼ ጠረጴዛዬ ጋ ሄድኩና በስልክ ከጮኽኩበት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፍኩት፦ ፀጉሯን የተላጨች ሴት ነበረች። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ስለ አዳዳ ስጽፍ ያቺ ልጃገረድ ሳትቀድመኝ የቀረችው ይሄኔ ብቻ ነው። አሰላ እሄዳለሁ፣ ያስተዋውቀኝ። ይቅር ግን አላልኩትም፤ ይቅር ያልኩት ቀን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀርብኝ እፈራለሁ።