የሀፊዛ ቁና

ሰአዳ ሙኽታር የገዛ ጥናቷን ከሌላ ሰው ገልብጠሻል ተብላ በኢኮኖሚክስ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬቷን ተከልክላለች። የከለከሏት ሰዎች እውነቱን በአንድ ሩብ ሰዓት ማረጋገጥ ይችሉ ነበር። ማስረጃው ደጃፋቸው ድረስ መጥቶላቸው ወደ ውጭ አስወጡት።

ሰአዳ የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ አንኮበር ላይ ሒሳብ ታስተምራለች። ትምህርት ቤቷ ሁለት ዓመት ሙሉ የኢኮኖሚክስ መምህር ስላላገኘ፣ ተማሪዎቹ መጽሐፉን በየተራ እያነበቡ ለፈተና ይቀርቡ ነበር። ሰርተፍኬቱን ካመጣች ክፍሉ የእርሷ እንደሚሆን ርእሰ መምህሩ በደብዳቤ አረጋገጡላት። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ደብረ ብርሃን ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ሆነች። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት በከረመበት በዚያ ዓመት ከክፍል የቀረችው ሁለት ቀን ብቻ ነው። የኮሌጁ የራሱ መዝገብ ይህን ይመሰክራል።

ለመመረቂያዋ የመረጠችው ጉዳይ ከአፍንጫዋ ሥር የነበረ ነው፤ ወደ ደጋ የሚያወጣው መንገድ ሲዘጋ የቆላ ማሽላ ዋጋ ምን ይሆናል? በየገበያው ቀን የከሰዓት ክፍለ ጊዜዋን ከባልደረቦቿ ጋር እየተቀያየረች ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ትወርዳለች። ማሽላ ከምትሸጠው ከአክስቷ ከሀፊዛ ጎን ተቀምጣም የአንድ ቁና ዋጋ ትመዘግባለች። ሠላሳ አንድ ገበያ መዘገበች። ረቂቁን ሚያዝያ ላይ ለአማካሪዋ ለመምህር ኃይለኢየሱስ በእጇ ሰጠችው። አማካሪን ፈርምልኝ ማለት ነውር ስለመሰላት የመረከቢያ ፊርማ አልጠየቀችም።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ከአንኮበር የወረዱ አባ ወልደአረጋይ የሚባሉ ቄስ ማሽላ ሲያሰፍሩ ቆዩና ከረጢታቸውን መዘን መዘን አደረጉት።

«አንቺ ሀፊዛ፣ ይህች ቁናሽ አርግዛለች ልበል?»

«አባ፣ ደግሞ ሞላልኝ ብለው ይከሱኛል? አሮጌዋ ቂጧ ተቀደደ። ይህችን ያሰፋኋት ከሁለት ወር በፊት ነው፤ ሰፋ ብላ መጣች። ዋጋውንም በልኳ ነው የጨመርሁት።»

«እኔማ አልከሰስሁሽም። መንታ ትውለድ!»

የሰአዳ እስክርቢቶ እዚያው ቆመ። ሁለቱን ቁናዎች ተራ በተራ አስመዘነች፤ አሮጌው አምስት ኪሎ፣ አዲሱ ስድስት ይይዛል። በረቂቋ የመጨረሻ ስምንት ገበያዎች ላይ ዋጋ በአንድ አምስተኛ የጨመረው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ማሽላው አልተወደደም፤ የተለወጠው ቁናው ነው። ስሕተቱ የራሷ ነበርና ቅዳሜ ዕለት ወደ አማካሪዋ ቢሮ ይዛው ሄደች።

«ሰአዳ፣ ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ገበያን ነው፤ ቁናን አይደለም።»

«ገበያው የሚሰፍረው በቁና ነው እኮ፣ መምህር።»

«አንቺ ደግሞ! በይ አየዋለሁ።»

አላየውም። እርሷ ቁጥሮቹን አስተካክላ ሰኔ ላይ የመጨረሻውን ቅጂ አስገባች። ሐምሌ ላይ የመጣላት መልስ፣ ሥራዋ «አስቀድሞ ከታተመ ጽሑፍ የተገለበጠ» መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። የትኛው ጽሑፍ? ፈልጋ ያገኘችው ጫጫ ከተማ የምትኖረው የክፍል ጓደኛዋ ሰርካለም ናት።

«በኮሌጁ መጽሔት በግንቦቱ እትም ላይ ነው» አለቻት በስልክ። «ስምሽን ሦስት ጊዜ ፈለግሁት። ምስጋናው ላይ እንኳ የለሽም።»

ጽሑፉ የኃይለኢየሱስ ብቻ ነው። የመጽሔቱም አዘጋጅ ራሱ ነው። ሠላሳ አንዱ ገበያ በሰአዳ ቅደም ተከተል ተደርድሯል፤ የስምንቱ ገበያዎች ሐሰተኛ ጭማሪም እንዳለ ተቀምጧል። ጸሐፊው ግን ምክንያት አበጅቶለታል። ቸርቻሪዎች መንገድ ይዘጋል ብለው እህል ደብቀዋል ይላል። ሰርቆ ብቻ አልተወም፤ አንዲትን ሴት ቁናዋ ስለተቀደደ ወንጀለኛ አድርጓል።

ሰአዳ ያንን ዐረፍተ ነገር ለአክስቷ አነበበችላት።

«ያ ረቢ!» አለች ሀፊዛ። «አስፍቼ ብሰፍር ደበቅሽ አሉኝ?» ከዚያም፣ «ግድ የለም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አለች።

ጥቅምት 2017 ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሰአዳን ጠራት። የገበያ ደብተሯን አቀረበች፤ ደብተር በኋላ ሊጻፍ ይችላል ተባለች። ያን ጊዜ በሚኒባስ ጭና ያመጣቻቸውን ሁለት ቁናዎች ከበሩ አስገባች። ክርክሯ ግልጽ ነበር፤ ያንን ስሕተት ሊሠራ የሚችለው በሀፊዛ ቁና የመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ስሕተቱ በመምህሩ ጽሑፍ ውስጥ ካለ፣ መዝገቡ የመጣው ከእርሷ ነው።

«እኅቴ፣ ይህ ጉባኤ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ዘንቢልሽን ወደ ውጭ።»

«ዘንቢል አይደለም፤ ማስረጃዬ ነው። ገብስም ይሁን ስንዴ፣ ያገኛችሁትን ስፈሩበትና መዝኑት።»

እርሱም ተጠርቶ የነበረው ኃይለኢየሱስ ፈገግ አለ። «ነጋዴ አክስት ያላት ሰው ለነጋዴ ጠበቃ ብትቆም ምን ይገርማል?»

«እሺ፣ እርስዎ የትኛው ነጋዴ ዘንድ ቆመው መዘገቡ? የአንዱን ስም ይንገሩን።»

ሰብሳቢው ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ ነው አሉ። ሊመሰክሩ ከአንኮበር ድረስ የመጡት አባ ወልደአረጋይ፣ የሙያው ሰው አይደሉም ተብለው ኮሪደር ላይ ዋሉ። ውሳኔው ሁለት መስመር ነው፤ ቀድሞ የታተመው የመምህሩ ነው፤ ተማሪዋ ሰርተፍኬት አይሰጣትም። ቁናዎቹን ማንም አልሰፈረባቸውም።

ሀፊዛ የጠቀሰችው ተረት ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን አልታየም። ኃይለኢየሱስ በዚያው ዓመት በዚያው ጽሑፍ የደረጃ ዕድገት አግኝቷል። ሰአዳ ሁለት ጊዜ ይግባኝ ጽፋለች፤ ለሁለቱም መልስ አልመጣም። አሁንም የምታስተምረው ሒሳብ ነው። የትምህርት ቤቷ የኢኮኖሚክስ ክፍል ዘንድሮም ያለ መምህር ተከፍቷል። ጽሑፉ ከእነ ስሕተቱ በመጽሔቱ ውስጥ አለ፤ በላዩም የሰፈረው የኃይለኢየሱስ ስም ብቻ ነው።