የሌላኛው ወገን ድርሻ

ጦሩ እንደገና ከዓሣ ነባሪው ጀርባ ላይ ተንሸራትቶ ባሕር ሲገባ፣ ጀልባዋ ውስጥ የነበሩት ቀዛፊዎች ወርዋሪውን ክርስፒኑስን አላዩትም። ዞረው ያዩት ወደ መንደራቸው ነው። በዚያ ጠረፍ ባሕር ላይ የሚደርስ ጥፋት ሁሉ መነሻው የብስ ላይ ነው። ከጀልባዋ ቤተሰቦች መካከል የተኳረፉ ካሉ ጦር አይያዝም፣ ገመድ ይጠላለፋል፣ ሳንቃ ይሰነጠቃል። ከሁሉም በላይ የምትጠረጠረው የባለ ጦሩ ሚስት ናት። እሷ ቤቷ ሆና ክፉ ከተናገረች የባሏ እጅ ይከዳዋል ይባላል።

ስለዚህ ብዙ ምርመራ ሳያስፈልግ ጥፋቱ ዩልያና ላይ ወደቀ።

የክርስፒኑስ ሚስት ዩልያና ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚፋጅ ሴት ናት። ተራራው ገበያ ላይ የደረቀ ዓሣ በበቆሎ ስትለውጥ ከአንዲት ደገኛ ጋር ተሰዳድባ እንደነበር ያልሰማ የለም። አስታረቋቸው። ባሕሩ ግን እምቢ እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ ደግሞ የተወጠረው ገመድ የአንዱን ቀዛፊ ጭን ላጠው። የጀልባዋ አለቃ ሽማግሌው ብላሲዩስ ፈረደ፦ ዩልያና ዝናቡ እስኪገባ ወደ ወላጆቿ መንደር ትሂድ፤ ጦሩም ቅዳሜ ከክርስፒኑስ እጅ ወጥቶ ለአጎቱ ልጅ ይሰጥ።

የክርስፒኑስ ታላቅ እህት ቤኔዲክታ ይህን የሰማችው የቤተ ክርስቲያኑን የመሠዊያ ጨርቅ እያጠበች ሳለ ነው። ጨርቁን ከውሃው ሳታወጣ ቆማ ቀረች።

መንደሩ እሷን "ኢና ጻድቋ"፣ እናት ጻድቋ፣ ይላታል። ባሏ ማሌዥያ የዘይት ዘንባባ ሊለቅም ሄዶ ሌላ ሚስትና ልጆች እንዳበጀ ወሬው ሲደርሳት "እግዜር ያውቃል" ብላ ዝም አለች። አንድ ልጇን ዶናቱስን ብቻዋን አሳደገችው፤ አድጎም በዚህችው ጀልባ ላይ መቅዘፊያ ያዘ። ከዚያ ወባ ጣለው። ወደ ከተማው ሐኪም ቤት የምትወስደው ጀልባ በማዕበሉ ምክንያት ልትመጣ አልቻለችም። ቤኔዲክታ ጠጠሩ ላይ ተንበርክካ ለመነች። ልጄን አድንልኝ እንኳ አላለችም፤ ያን ያህል መጠየቅ ድፍረት መስሎ ታይቷት ነበር። ባሕሩ ለግማሽ ቀን ጸጥ ይበልልኝ ብቻ ነው ያለችው።

ባሕሩ ጸጥ ያለው ልጁ በተቀበረ ማግስት ነው። እንደ ዘይት ተኝቶ ዋለ። እሷ ዳርቻው ላይ ቆማ ስታየው ዋለች። የዚያን ቀን ውስጧ የነበረ አንድ በር ተዘጋ።

ቤተ ክርስቲያን መሄዷን አልተወችም። የምትሄደው ግን የተቀየመችው ዘመድ ቤት ለሰው ዓይን ብላ እንደምትሄድ ሴት ነበር። ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ የሚታጠበውን ታጥባለች፤ ባለቤቱን አታናግረውም። የአደኑ ዘመን የሚከፈትበት ቅዳሴ ዋዜማ ላይ ብላሲዩስ እንደ ወጉ እያንዳንዱን "በልብህ ቂም አለ? በልብሽ ቂም አለ?" ብሎ ሲጠይቅ "የለብኝም" አለች። የጠየቀን ስለ ሰው ነው ብላ ራሷን አሳመነች።

እግዜር በአንዲት ሴት ኩርፊያ ምክንያት ጦር ያጣምማል ወይ? ይህን አታውቅም። መንደሩ የሚፈልገው የተደበቀ ጠብ ከሆነ ግን ጠቡ በእሷ ደረት ውስጥ እንዳለ፣ ጓዟን የምትጠቀልለውም ሌላ ሴት እንደሆነች ታውቃለች።

አርብ ዕለት ወንድሟ ቤት ሄደች።

"ግቢ እንጂ፣ ኢና ጻድቋ" አለች ዩልያና ከጓዟ ላይ ቀና ሳትል። "ምን፣ ጨርቄን ልትባርኪልኝ ነው?"

"መቼ ነው የምትሄጂው?"

"ነገ፣ ጦሩን ሲቀሙት አይቼ። ባሌ ሲዋረድ አጠገቡ ልቁም። እሱንም ካልከለከሉኝ።"

"ዩልያና..."

"አንድ ነገር ልንገርሽ? ያቺን ደገኛ ከልቤ ነው ይቅር ያልኳት። አያስቅም? ዕድሜ ልኬን አንዴ ከልቤ ይቅር ብል የሚያምነኝ ጠፋ።" ሳቀችና አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "አንቺማ ምን አለብሽ። በይ ጸልይልኝ።"

ነገሩ ቤኔዲክታ አፍ ድረስ መጣ። "እጸልያለሁ" አለችና ወጣች። ሁለተኛ ውሸቷ ነበር፤ ከመጀመሪያውም ይልቅ ይሄኛው አንገበገባት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጀልባዋ በምትቆምበት ዳስ ውስጥ ተሰበሰበ። ክርስፒኑስ ጦሩን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ተከሳሽ ቆሟል። ብላሲዩስ ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ ቤኔዲክታ ተነሣች።

"አማ፣ አባቴ፣ አይቀበሉት። ጠበኛዋ እኔ ነኝ።"

"ከማን ጋር?"

"ከእግዜር ጋር።"

ከቀዛፊዎቹ አንዱ ስታኒስ፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ "እንግዲህ እሱን ማን ይጥራልን? ስልክ የለው" አለ። ጎኑ ያለው ሰው በክርኑ ጎሰመው።

ብላሲዩስ አልሳቀም። "ከመቼ ጀምሮ ልጄ?"

"ዶናቱስን ከቀበርን ወዲህ።"

"ስጠይቅሽ የለብኝም አላልሽኝም?"

"ዋሸሁ።"

"የወንድምሽ ሚስት ስትባረርስ?"

"ዝም አልኩ።"

ክርስፒኑስ እህቱን አየና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ያ ከስድብ የከፋ ነበር።

ሽማግሌው የኮኮናት ቅሉን በውሃ ሞላው። ወጉ ግልጽ ነው፤ የተኳረፉት ሁለቱ ከአንድ ቅል እኩል ይጠጣሉ። አንደኛው ሩቅ ከሆነ ከቤቱ የሆነ ሰው ይጠጣለታል።

"ድርሻሽን ጠጪ።"

ጠጣች። ውሃው በጉሮሮዋ ሲወርድ አንድ ነገር ታያት፦ ይህን ሁሉ ጊዜ ፊቷን ስታዞር የኖረችው ከአንድ ሰው ነው። ባዶ ወንበር አይኮረፍም። እግዜር የለም ብትል ኖሮ ማንን ትቀየም ነበር? ግማሹን አስቀርታ ቅሉን ለሽማግሌው መለሰች።

"የሌላኛውን ወገን ድርሻስ ማን ይጠጣል? ከሱ ቤት ማን ነው?"

ሁሉም ወደ ሃይማኖት አስተማሪው ወደ ቴዎዶሩስ ዞረ። እሱም ጀርባው ምሰሶ እስኪነካ አፈገፈገ። "እኔ? እኔማ ማስተማር ነው እንጂ... የለም፣ የለም፤ ይህን አልደፍርም።"

ቅሉ በሽማግሌው እጅ ላይ ቀረ።

"ወዲህ በሉት" አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ።

ዩልያና ነበረች፤ ጓዟ ጀርባዋ ላይ፣ አቧራ እግሯ ላይ። ጀልባዋ ግንባር ላይ ወደተቸነከረው ትንሽ ስቅለት በአገጯ አመለከተች። "እዚህ ቤት ውስጥ ሳያጠፉ የተቀጡ እሱና እኔ ነን። ለዝምድና ይሄ ካልበቃ ሌላ አላውቅም።"

ብላሲዩስ ቅሉን በሁለት እጁ አቀበላት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችውና "ሞቋል" ብላ ቅሉን ደፋችው።

ቤኔዲክታ መልስ ከመጣ በነፋስና በማዕበል ይመጣል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ የለመነችውም ባሕር ነበርና። አሁን መልሱ ጓዙን ተሸክሞ፣ ተቆጥቶ፣ በበደለችው ሴት እግር ገባ። የዩልያናን ፊት ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ሐፍረቱና ፍርሃቱ አንድ ላይ ይዘው መሬት ላይ አስቀመጧት፤ ሰዎቹ ጦሩን በክርስፒኑስ እጅ ትተው ሲወጡም እዚያው ነበረች።

ዩልያና ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ተነሥታ ተከተለቻት። መንገድ ላይ ደርሳባት ጓዙን ከጀርባዋ ወሰደችላት። ዩልያና አልከለከለቻትም።

"ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ" አለች ጥቂት ከሄዱ በኋላ። "የጠጣሁት የሱን ድርሻ ነው። የኔ ገና ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ምን ያህል እንደሚቆይ አላውቅም።"

"እጠብቃለሁ።"

"እስከዚያው ጓዙን አታጋድዪው። ድስት አለበት።"

ቤኔዲክታ ጓዙን አቃንታ ከኋላዋ ሄደች።