ቆሎ ቆሎ የሚለው ሞተር

ቮልሷን ከጭድ ውስጥ ያወጣቻት ላማችን ናት።

ጦርነቱ ወደ ላሊበላ ሲቃረብ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። አንዱ ጎማ ፈትቶ ደበቀ፣ አንዱ ባትሪ ቀበረ። አባቴ አሮጌዋን ቮልሳቸውን ጓሮ አስገብተው የገብስ ጭድ ከመሩባት። በአጥር በኩል ላለፈ ሰው የከብት መኖ እንጂ ሌላ ነገር አይታየውም። በኋላ ነገሩ ሰከን ቢልም «ትቆይ፣ ምን ይታወቃል» እያሉ አላወጧትም። ላም ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ የላትም። በየቀኑ ከክምሩ ጫፍ እየበላች ወደ ውስጥ ገባች። ዓመት ዓመትን ተክቶ፣ አንድ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ጠዋት ጓሮ ብወጣ ከጭዱ መሀል ክብ የፊት መብራት አፍጥጦ ያየኛል። ላሟ አጠገቡ ቆማ ታመነዥካለች።

አባቴ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። መርፌ ሲወጉ፣ ቁስል ሲያጥቡ ነው የኖሩት፤ የላስታ ሰው ግን «ዶክተር» ነው የሚላቸው። ቮልሷን የገዟት እኔ ገና በዳዴ ሳለሁ ነው፣ ከደሴ። መድኃኒት ጭነውባት ኮን ድረስ ተመላልሰዋል። ምጥ የጠናባትን ሴት ከኋላ ወንበር አስተኝተው ስንት ጊዜ ጤና ጣቢያ አድርሰዋል። ዛሬ ከተማ ውስጥ ጎርምሶ የሚሄደው ሁሉ «እኔ እኮ ያቺ መኪና ውስጥ ልወለድ ነበር» ይላል። እንግዲህ ይቺን መኪና ነው ጎማዋ ተንፍሶ፣ ሽቦዋን አይጥ በልቶት፣ ጓሮ ያቆምናት። አባቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበትን በርጩማ ቦታ ቀየሩት። ፊታቸውን ከእሷ አዙረው ይቀመጡ ጀመር።

ከዚያ ከእኛ በላይ ሆቴል ያለው ጎረቤታችን መጣ።

«ዶክተር፣ ይቺን ለእኔ ይልቀቁልኝ» አላቸው። «ደጄ ላይ አቆማታለሁ። ኮፈኗን ከፍቼ አፈር እሞላና ጽጌረዳ እተክልባታለሁ። እንግዳ ፎቶ ሳይነሳባት አያልፍም።»

«ጽጌረዳ?»

«ከፊትም፣ ከኋላም።»

አባቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ሞታ ከማያት አብባ ባያት ይሻላል» አሉ በመጨረሻ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋራዥ ገብቼ አላውቅም። ግን የስፌት መኪናዬ በተበላሸ ቁጥር ደሴ የሚወስድልኝ ሰው እየጠፋ፣ ራሴው ፈትቼ ራሴው መግጠም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ብረት ከብረት ጋር የሚነጋገርበትን ነገር ማየት እወዳለሁ፤ ምን ምኑን እንደሚገፋ፣ የቱ ሲዞር የቱ እንደሚነሳ። ስለዚህ ከአፌ አመለጠኝ። «አባባ፣ እኔ ላስነሳት።»

ሆቴል ያለው ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ወደ እሱ ዞረው «እስከ ሆሳዕና ጊዜ ስጣት» አሉት። «ከወንዙ ድልድይ እስከ ከተማው አናት ያለውን አቀበት በራሷ ጉልበት ከወጣች ትቀራለች። ካልወጣች መጥተህ ውሰዳት። ቃሌ ነው።»

የአባቴን ቃል የሚያውቅ ያውቀዋል። ባትወጣ ጽጌረዳውን ራሳቸው ውሃ ያጠጡ ነበር እንጂ አያፈገፍጉም።

ከሹፌሩ ጎን ካለው ወንበር ፊት ባለችው ሳጥን ውስጥ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። በማላነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ሥዕሎቹን ግን እንደ ልብስ ቁርጥ አነበብኳቸው። አንድ ሥዕል ብቻ አልገባኝ አለ። ሞተሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ይታያል፣ በውስጡ ብዙ ቀስቶች ከላይ ወደ ታች ይጠመዘዛሉ። ዘይት ነው ብዬ አሰብኩ። ቤንዚን ነው ብዬም አሰብኩ። አልሆነልኝም።

ሌላዋ ጎረቤቴ ከድንጋዩ አጥር ማዶ አንገቷን አስግጋ ትመለከተኛለች። የልጅነት ጓደኛዬ ናት፣ ነገር አያልፋትም።

«እቴ፣ ውሃው በየት ነው የሚገባው?»

«ውሃ የላትም።»

«ውሃ የሌላት መኪና?»

«በነፋስ ነው የምትበርደው ይላሉ አባባ።»

ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ቆማ ስትሠራስ? ነፋሱን ማን ያመጣላታል?» አለች።

ለምን ቀድሜ እንዳልጠየቅኩ ገረመኝ። ካቻቢቴዬን ይዤ ከኋላ ተንበረከክሁ፤ የእሷ ሞተር ከኋላ ነው ያለው። ከሞተሩ በላይ ትልቅ የላሜራ ሳጥን ተደፍቷል። የጎማ ቀበቶውን፣ ቺንጊያውን፣ በእጄ ሳዞረው ከላሜራው ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ዞረ። በቀዳዳው አጮልቄ ባይ ማራገቢያ ነው። ነፋሷን ራሷ ትሠራለች ማለት ነው። አጥር ተሻግሬ ሄጄ ለጎረቤቴ ነገርኳት፤ «አዬ ብልሃት» አለች እንጂ ብዙም አልደነቃት። እኔ ግን ያን ቀን ስፌት አልሠራሁም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ሁሉ ላውራ ብል አያልቅም። የቤንዚን ታንከሯን ጠጠር ከትቼ እያናወጥኩ ዝገቱን አጠብኩ። እሳት የሚያስነሳውን ፑንቲና በጥፍር ሞረድ ሞረድኩ። አይጥ የበላውን ሽቦ በሥዕሉ እያየሁ ቀጠልኩ፣ ወንበሮቹን በራሴ መኪና ሰፋሁ። የፍሬኗን ጎማ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከደሴ አመጣልኝ። ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት ሞተሯ አንዴ ሳለ፣ አንዴ አስነጠሰና ተነሳ። ያ የድሮ ድምፅ ግድግዳውን ሲመታው አባቴ ከዘራቸውን ረስተው ቆሙ።

ሩብ ሰዓት ያህል ደህና ሠራች። ከዚያ ጎረቤቴ ከማዶ ተጣራች።

«አንቺ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ቆሎ እየቆላሽ ነው? እኛስ ሰው አይደለንም?»

«ኧረ ምድጃ አልነካሁም።»

«ታዲያ ይሄ የገብስ ሽታ ምንድን ነው? ምራቄ ሊገድለኝ ነው።»

እውነትም ቆሎ ቆሎ ይላል። የሌላ ጎረቤት ምድጃ ነው ብለን ተውነው። ሞተሯ ወዲያው እየከበዳት፣ እየተንተፋተፈች ጠፋች። እጄን ባስጠጋ እንደ ምጣድ ነው የምትጋረፈው።

መጀመሪያ አቀበቱን ስንሞክር ግማሽ ሳንደርስ ቆመች። የአሸዋ መኪና ጎትቶ ወደ ቤት መለሰን። ሆቴል ያለው ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ከንፈሩን መጠጠልን። ከአጠገቡ በየዘይት ቆርቆሮው ያፈላቸው የጽጌረዳ ችግኞች ተደርድረዋል።

ጋሸና ሄጄ አንድ መካኒክ አማከርኩ። የከባድ መኪና ሰው ነው፣ እስከ ክርኑ ግራሶ። ራዲያተር እንደሌላት ስነግረው ጓደኞቹን ጠርቶ ደግሜ እንድነግራቸው አደረገኝ። ስቀው ሲጨርሱ «በነፋስ የምትኖር ከሆነ ነፋስ ይግባላታ» አለ። «የኋላ ኮፈኗን በእንጨት ደግፈሽ ክፍት አድርገሽ ንጂያት።» ልክ መሰለኝ። የዘነዘና ቁራጭ አስደግፌ ለሁለተኛ ጊዜ ሞከርን። ያው ቦታ ላይ ቆመች። ልዩነቱ፣ በተከፈተው ኮፈን በኩል ሽታው መንገዱን ሁሉ ሞላው፤ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆሎ ይዘሽ ነው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።

ለሆሳዕና አስር ቀን ቀረ። ጓሮ አቁሜ ሳስነሳት ጎረቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ በበራችን ገባች። ውሻ ይመስል አየሩን እያሸተተች ምድጃውን አለፈች፣ እኔን አለፈች፣ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለች።

«ከዚህ ነው» አለች። «ገብስ ነው። ያውም ሊያርብሽ ነው፣ አውጪው።»

ሞተሩን አጠፋሁ። ያን ጊዜ መጽሐፉ ላይ ያሉት ቀስቶች ታወሱኝ። ዘይትም ቤንዚንም አልነበሩም፣ ነፋስ ነበሩ። ማራገቢያው ነፋሱን ላሜራው ውስጥ ይገፋዋል፣ ላሜራው ደግሞ ጠምዝዞ ወደ ታች፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ያፈሰዋል። ኮፈኑን ከፍቶ መንዳት ምንም አይጠቅማትም። ነፋሱ መግባቱ ሳይሆን የሚያልፍበት መንገድ ነው ቁም ነገሩ። ቤት ገብቼ ኪሮሼን አመጣሁና በማራገቢያው ቀዳዳ አስገብቼ ጎተትኩ። ጭድ ይዞ ወጣ። ደግሜ ጎተትኩ፣ ጭድ። በሦስተኛው የተቆላ የገብስ ራስ ወጣ።

አባቴ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ያያሉ። መጀመሪያ ያልኩት ነገር ላሜራው ውስጥ ከክምሩ የገባ ነው የሚል ነበር።

«አልገባም» አሉ። «እኔ ነኝ የጠቀጠቅሁት።»

ኪሮሼን አስቀምጬ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ክምሩን ቢያፈርሱ፣ ኮፈኑንም ቢከፍቱ፣ ከጭድ በቀር እንዳያዩ ብዬ ነው። በየቀዳዳው ሁሉ በጣቴ ጠቀጠቅሁ። አንቺ ስትጀምሪ እጄ የደረሰበትን ያህል አውጥቼ ነበር። ያለቀ መሰለኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም አባባ?»

«ሁለቴ ስትቆም ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።» ከዘራቸውን አገላበጡ። «ያን ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልጄ። ስንት ሰው ስወጋ ያልተንቀጠቀጠ እጅ። እሱን ማውራት ነው የከበደኝ።»

ጎረቤቴ ነገር አታሳልፍም ብያለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አሳለፈች። «በሉ፣ ይሄን ጉድ እንዴት ነው የምናወርደው?» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ሞተሯ የተያዘችው በአራት ብሎን ብቻ መሆኑን ሳይ አላመንኩም። ክሪክ ደግፈን፣ በገለባ ጆንያ ላይ ቀስ አድርገን አወረድናት። ላሜራውን ሳነሳው ከውስጡ ያልታየ ነገር የለም፤ ጭድ፣ የአይጥ ጎጆ፣ ከሲሊንደሮቹ ቅጠል ቅጠል ብረት መሀል የተሰገሰገ ጥቁርና ቡናማ ቆሎ። በብሩሽ፣ በኪሮሽ፣ በላባ ሁለት ቀን ሙሉ አጸዳሁት። ጎረቤቴ እፍኝ ሙሉ ቆሎ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ዘይት ዘይት ባይል ኖሮ ለዘጠኝ ሰዓት አስቀምጠው ነበር» አለች።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ድልድዩ ወረድን። እኔ መሪው ላይ፣ አባቴ አጠገቤ። ሆቴል ያለው ሰው «በመንገድ ሰው ቢገፋትስ? ዓይኔ ይይ» ብሎ ከኋላ ወንበር፣ ከሞተሩ በላይ፣ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ተቀመጠ። በአንደኛ ማርሽ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥምዝ፣ ሁለተኛው። የቆመችበት ቦታ ደረስን። እኔ ጆሮዬ ሁሉ ከኋላ ነው። ድምፁ አልተለወጠም።

«ይሸታል?» አሉ አባቴ ሳይዞሩ።

ሰውየው አሸተተ። «ትንሽ ቤንዚን።»

«ገብስስ?»

«ገብስ የለም፣ ዶክተር።» ድምፁ ውስጥ እንደ መከፋት ያለ ነገር ነበር፣ ግን እሱም ወደ ፊት ዘንበል ብሎ አቀበቱን አብሮን ይገፋ ነበር። የመጨረሻውን ጥምዝ በአንደኛ እያዘገምን፣ አህያ ጭነው የሚወጡ ሰዎችን በጭንቅ እየቀደምን፣ የከተማው አናት ላይ ወጣን። መንገድ ዳር አቆምኩ። ሞተሩን ላጠፋ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ።

«ተዪው፣ ይሥራ» አሉኝና «ቀረች፣ አይደለም?» አሉት ወደ ኋላ።

«ቀረች» አለ ሰውየው። «ምን አደርጋለሁ፣ በዓይኔ አየሁ።»

አባቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉና «እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ስነዳት አንድ ነገር ጠይቄ አላውቅም» አሉ። «ነፋሱ ሲሊንደሩን አቀዝቅዞ ሲጨርስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ወርጄ ከኋላ ተንበረከክሁና እጄን ከሞተሩ ስር ዘረጋሁ። ሞቅ ያለ ነፋስ መዳፌን ገፋው። «እዚህ ነው የሚወጣው» አልኳቸው። አባቴ በታመመ ጉልበታቸው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ቀስ ብለው አጠገቤ ተንበረከኩ፤ መዳፋቸውን ከመዳፌ ጎን ዘረጉ። ሆቴል ያለው ሰው ንጹሕ ሱሪውን አይቶ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ እሱም ተንበረከከ።

«በግራም በኩል አለ?» አለ።

«በግራም አለ። እጅህን ወደዚያ አድርገው።»