ከአጥሩ ውጭ የቆምኩበት ለቅሶ

ባለፈው እሑድ በእድራችን ስብሰባ የወጥ ቤቱ ተራ ለሦስተኛ ጊዜ እኔው ላይ ተጣለ። «ተራዬ አይደለም» ልል አስቤ፣ ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ። ሰብሳቢው፣ «እሳቸው እኮ ጨዋ ናቸው፤ ድምፃቸው እንኳ ተሰምቶ አያውቅም!» ብለው አመሰገኑኝ። እንዲህ ያለው ምስጋና እንዴት እንደሚያንገበግበኝ! በእኛ አገር የሴት ልጅ ፍርሃት ጨዋነት ይባላል፤ እኔም በዚሁ ስም ተሸፍኜ አረጀሁ።

ይህ ፍርሃት ዋጋ ያስከፈለኝ ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ጉንደ ወይን በምትባል ትንሽ ከተማ። ስንዱ ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጥ፣ ከእሷ ሌላ ሰው የማላናግር ጓደኛዬ ነበረች። ኅዳር ላይ፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን፣ አባቷ ሞቱ። በቀብሩ ማግስት እናቴ የባቄላ ንፍሮ በአገልግል አስያዘችኝና ወደ መንደራቸው በእግሬ ተነሣሁ። መንገዱን ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የምትለዋን እንደ ዳዊት ደገምኳት።

ደጃቸው ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ስገባ ያ ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ሊዞር ነው። ካላለቀስኩ ይታዘቡኛል፤ ባለቅስም «አስመሰለች» ይሉኛል። ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። ስንዱ «አባዬ! አባዬ!» ስትል ይሰማኛል። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለስኩ። ንፍሮውን ይዤ ብገባ እናቴ ትጠይቀኛለች፤ ስለዚህ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እያለቀስኩ በላሁት።

ስንዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች።

«ሁሉም መጣ፤ አንቺ ብቻ ቀረሽ» አለችኝ።

«አልሰማሁም ነበር።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እናትሽ ለሠልስቱ መጥተው፣ ‹ልጄ ትናንት ቀድማኝ መጥታለች› ብለውኛል። እንዳይቆጡሽ ብዬ ዝም አልኩልሽ።»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ደጃፍ ድረስ መምጣቴን፣ ድምጿን መስማቴን ልነግራት ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። በማግስቱ ደብተሮቿን ይዛ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ዛሬ ሁለታችንም ደብረ ማርቆስ ነን። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ የልጆቻችንን ጤና ተጠያይቀን እንለያያለን፤ እንደ ማንኛውም ሰው። ፈሪ መሆኔን ከምታውቅብኝ ጨካኝ አድርጋ ብታስበኝ ይሻላል ብዬ መረጥኩ። ያኔስ ልጅ ነበርኩ ይባል፤ አሁን በስልሳ ዓመቴ ማን ከለከለኝ?