መስመሩን የጠረጉት ሰው

ፊርማን ዴልፔሽ ጡረታ የወጡ ዕለት የቴኒስ ክለባችን የእጅ ሰዓት ሸለማቸው። አመስግነው ሰዓቱን ኪሳቸው ከተቱና፣ «ካልከበዳችሁ መጥረጊያውንም ልውሰደው» አሉ። ጠባብ መጥረጊያ ነው። እጀታው ረጅም፣ ጭራው አጭርና ጠንካራ፣ ከነጩ መስመር ላይ ቀዩን አፈር ከማንሳት በቀር ለሌላ ነገር የማይሆን።

የክለቡ ፕሬዚዳንት ሳቁ። «ፊርማን፣ ቤትህ ሜዳ የለህም፤ ምን ልትጠርግበት ነው?»

«የሊዛንድርን መስመር።»

ክለቡ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሎት ወንዝ ዳር ነው። አራት የቀይ አፈር ሜዳ አለው። አፈሩን ብርዱ ሲያልፍ እንደገና የሚያነጥፉት፣ በየጠዋቱ ውሃ የሚያጠጡት፣ በበጋ እርጥበቱ እንዳይሸሽ ጨው የሚበትኑበት ፊርማን ነበሩ። እኔ ደግሞ ፔሪን እባላለሁ፤ የራኬት ክር እወጥራለሁ። ሱቄ ከክለቡ በር ፊት ለፊት ስለሆነ እሳቸውንም ሊዛንድር የሚባለውን ልጅም ከሥራዬ ሳልነሳ ስመለከታቸው ነው የኖርኩት።

የሊዛንድር እናት ዳቦ ቤት ነበር የምትሠራው፤ የምትገባው ጎህ ሳይቀድ ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት በፊትም በኋላም ክለቡ ትተወው ነበር። ፊርማን ራኬት አልሰጡትም፤ የሰጡት በገመድ እየተጎተተ አፈሩን የሚደለድለውን መረብ ነው። እንደሚታወቀው ቀይ አፈር ላይ የተጫወተ ሰው ሜዳውን ጎትቶ፣ መስመሩን ጠርጎ ነው የሚወጣው። ዶክተርም ይሁን ከንቲባ፣ ሚስቱ ምሳ ላይ ትጠብቀውም አትጠብቀው። አጎታተቱም ሥርዓት አለው፤ ከውጭ ተጀምሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞሩ ወደ ውስጥ ነው፤ አለዚያ አፈሩ ወደ አጥሩ ይሸሻል። ልጁ መረቡ ከቁመቱ እየበለጠ ይጎትት ነበር። ሳይጨርስ ፊርማን በሩን አይዘጉም። ቁልፉን ይዘው ቆመው፣ ዝናብም ቢመጣ፣ ይጠብቁታል።

ያ ልጅ አድጎ ፕሮፌሽናል ሆነ። እንዴት ያለ ፕሮፌሽናል ግን! ፀጉሩ አንድ ሳምንት ሰማያዊ ነው፣ በሚቀጥለው ብርቱካን። አንገቱ ላይ ዕንቁ፣ ጥፍሩ ላይ ቢጫ ቀለም። ዝም ብሎ ሊመታት የሚችላትን ኳስ በእግሮቹ መካከል አሳልፎ ይመታታል። ነጥብ ሲያገኝ ይጨፍራል፤ ሲሳሳት ለተጋጣሚው ያጨበጭባል። የሰው ደስታ ግን እውነት ነው፤ እሱ በሚጫወትበት ሜዳ ወንበር አይተርፍም። «የዓለም ደረጃው ሁለት መቶ አካባቢ ነው» ይላሉ ፊርማን፣ «ፀጉሩ ግን ከመጀመሪያዎቹ አስር አንዱ ነው።»

የአፈር ወቅት ሲገባ ሦስታችንም እንወጣለን። ሊዛንድር በባቡር፣ እኔና ፊርማን በእሳቸው ነጭ ጭነት መኪና። ከኋላ የእኔ መወጠሪያ ማሽን በጠፍር ታስሮ፣ ከአጠገቡ መጥረጊያው። ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው፣ ፈረንሳይም ጣሊያንም። ፊርማንን የቀጠራቸው ሰው የለም። ጠዋት ሜዳው ላይ ቁጢጥ ብለው አውራ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ይጫኑና ወደ እኔ ይመጣሉ። «ዛሬ ጠጥቷል» ካሉ አፈሩ ከብዷል፣ ኳሱም ይከብዳል ማለት ነው፤ ክሩን ግማሽ ኪሎ ማላላት አለብኝ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ጊዜ ይሳሳታሉ፤ እኔም የምሠራው በራሴ ሚዛን ነው። መጥተው ሳይነግሩኝ ግን ማሽኑን አስነስቼ አላውቅም።

ጨዋታ ሲጀመር ደግሞ ሊዛንድር የመጀመሪያዋን ኳስ ከመምታቱ በፊት ወደ ፊርማን ወንበር ያያል። ፊርማን ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ። ይኸው ነው። ትርጉም የለውም፤ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

አዲሱ አሰልጣኝ ኤርዋን ይህን አልወደደውም። ኤርዋን ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም። ባስክ አገር፣ ውቅያኖስ ዳር በነበረ ውድድር ላይ ከመኪናችን ጀርባ ዳቦና ቋሊማ ስንበላ መጥቶ ቆመ።

«ሙሴ ፊርማን፣ እንደ ስድብ አይውሰዱብኝ። እዚህ እያንዳንዱ ሰው ሥራ አለው። የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?»

«መንዳት» አሉ ፊርማን ቋሊማውን እየቆረጡ።

«ፔሪን መንጃ ፈቃድ አላት።»

«ስትነዳ አይተዋት ያውቃሉ?»

«አመሰግናለሁ!» አልኩ እኔ።

ኤርዋን አልሳቀም። «ልጁ ጨዋታ መሀል የሚያየው እኔን አይደለም፤ የእርስዎን ባርኔጣ ነው። ከዚህ ውድድር በኋላ ቤትዎ ቢያርፉ ይሻላል ብዬዋለሁ።»

ቢላው ቆመ። «እሱስ ምን አለ?»

«ውድድሩ ይለቅና እናወራለን አለ።»

ፊርማን ቢላቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የቀረውን ዳቦ ለእኔ ሰጡኝ። ሊዛንድር «አይሆንም» አለማለቱ ነው የከበዳቸው፤ ባይናገሩትም አየሁት።

በማግስቱ የሊዛንድር ሩብ ፍጻሜ በሁለተኛው ሜዳ ነበር። የውድድሩ ኃላፊ የፊርማን የድሮ ወዳጅ ነው። ከሜዳ ሠራተኞቹ ሁለቱ ሰርግ ሄደውበት ተጨንቆ መጣ። «ፊርማን፣ በዙር መካከል መስመሮቹን ብቻ ያዝልኝ።»

እንዴት ደስ እንዳላቸው! መጥረጊያቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ኤርዋን ፊት አለፉ። «ይኸው ሥራ አገኘሁ፣ ሙሴ።»

ተጋጣሚው ላይትነር የሚባል ኦስትሪያዊ ነበር፤ ቁም ነገረኛ፣ ግድግዳ የመሰለ። ከሦስቱ ዙር የመጀመሪያውን ሊዛንድር ወሰደ። በሁለተኛው ላይትነር ዙሩን ለመውሰድ አንድ ነጥብ ቀረው። ረጅም ምልልስ ሆነ። ላይትነር ኳሷን ከሊዛንድር ራስ በላይ አሳለፋት፤ ሊዛንድር ዞሮ ሮጠ፣ ጀርባውን ለመረቡ እንደሰጠ በእግሮቹ መካከል መታት። ኳሷ ተንሳፍፋ ሄዳ በወዲያኛው የኋላ መስመር ጥግ ጋ ወደቀች። የመስመር ዳኛው እጁን ዘረጋ። «ውጪ!»

አፈር ላይ ለዚህ መላ አለው። ኳስ የወደቀችበት ምልክት ይተዋል፤ ተጫዋቹ ወዲያው ይጠይቃል፣ የወንበር ዳኛው ወርዶ ያያል፣ አለቀ። ሊዛንድር ግን ሊዛንድር ነው። ወደ ዳኛው በመዞር ፋንታ ወደ ትሪቡኑ ዞሮ መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ውስጥ ነች!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ወዲያኛው ትሪቡን ዞረ።

«ውስጥ ነች!»

እጅ ነሳ። ለእነዚያም እጅ ነሳ። የወንበር ዳኛው ጠበቁ ጠበቁና፣ ተቀብሎታል ብለው ድምፅ ማጉያቸውን ከፈቱ። «ሁለተኛው ዙር የላይትነር።»

ፊርማን በሜዳው በር ላይ ነበሩ። ዙር አለቀ ሲባል የእሳቸው እግር ይነሳል፤ ዕድሜ ልኩን ሲነሳ የኖረ እግር ነው። አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፣ የኋላውን መስመር ከጥግ እስከ ጥግ ጠረጉት። ጥሩ አድርገው ጠረጉት። ኳሷ የወደቀችባትን ጥግ ደግሞ ሁለቴ መለስ አሉባት።

ሊዛንድር እጅ መንሳቱን ሲጨርስ ወደ ዳኛው ሮጠ። «ሙሴ፣ ምልክቱን ይዩልኝ!»

«ዘገየህ፣ ልጄ» አሉ ዳኛው፤ ሕዝቡ ሲያፏጭ ጊዜ ግን የወንበሩን መሰላል ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። ሁለቱ ጎን ለጎን መረቡን ዞረው ሄዱ።

መስመሩ እንደ ወተት ነጥቷል።

«የታለች?» አሉ ዳኛው።

«እዚህ ጋ ነበረች።»

«እዚህ ጋ ያለው መስመር ነው። ደግሞ በጣም ንጹሕ መስመር።»

ያን ጊዜ ሁሉም ቀና ብሎ ፊርማንን አየ። መጥረጊያቸውን እንደ ያዙ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው አየሁ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ኦስትሪያ ስንት ከፈለህ?» ብሎ አንዱ ከላይ ጮኸ። ሌላው፣ «መጥተህ የእኔን ቤት ጥረግልኝ!» ሳቁ ትሪቡኑን ዞረ። ኤርዋን ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ሊዛንድር ራኬቱን የሚሰብር መሰለኝ። ጠዋት የወጠርኩት ስለሆነ ዓይኔን አልነቀልኩም። አልሰበረም። ፊርማን አጠገብ ቆሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቶንቶን ነው የሚላቸው፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ «አንተ» እያለ።

«ቶንቶን፣ አየሃት? ውስጥ ነበረች?»

«አላየኋትም» አሉ ፊርማን። «የማየው መስመሩን ነበር።»

ሊዛንድር ሄዶ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ሦስተኛው ዙር ሲጀመር የመጀመሪያዋን ኳስ ከመምታቱ በፊት እንደ ወትሮው ወደ ወንበሩ አየ። ፊርማን አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት አልወደድኩም፤ ያለ ጭፈራ፣ ያለ ፈገግታ፣ እንደ ማንም ሰው ተጫወተ። እንደ ማንም ሰውም ተሸነፈ።

ፊርማንን መኪናው ውስጥ አገኘኋቸው። ሻንጣቸው ተዘግቷል፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ማሽንሽን በባቡር መላክ ትችያለሽ?»

«ሁለት ሰው የማይሸከመውን?»

«እንግዲያው ሱቅሽ ድረስ አደርስልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን በቃኝ።»

«ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው እንዴ? ለሰው ሁሉ እጅ ሲነሳ ባይቆይ ምልክቷ እዚያው ነበረች።»

«ልጅ ነው።»

«ሃያ አንድ ዓመቱ ነው!»

«እኮ» አሉ።

ከመኪና ማቆሚያው በሽቦ አጥሩ አሻግሮ ሁለተኛው ሜዳ ይታያል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፣ ትሪቡኑ ባዶ ነው። አንድ ሰው መረብ እየጎተተ ነበር። ብርቱካን ፀጉሩን ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። የጨዋታ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ኤርዋን በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል፦ «ሠራተኞች አሉለት እኮ! ጡንቻህ ሊቀዘቅዝ ነው!» ሊዛንድር ዞር አላለም።

ፊርማን ባርኔጣቸውን ደፍተው በመስተዋቱ አጮለቁ።

«ምን እየሠራ ነው?»

«ሜዳ እየጎተተ።»

«ያ መጎተት ነው? ከመሀል ጀመረ እኮ! አፈሩን ሁሉ አጥር ላይ ሊከምረው ነው።»

«ይተዉት፣ ደክሞታል።»

«ቢደክመውስ! እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩት?» በሩን ከፍተው ወርደዋል። አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ከውጭ ወደ ውስጥ! ስንት ጊዜ ልንገርህ!»

ሊዛንድር ቆመ። ሳይዞር፣ «ረሳሁት» አለ። «እንዴት ነበር?»

«ቀንድ አውጣ!»

«ቀንድ አውጣው በየት ነው የሚዞረው?»

«ጌታ ሆይ!» አሉ ፊርማን፤ አጥሩን ታክከው ወደ በሩ ሮጡ ማለት ይቻላል። «ስጠኝ! ስጠኝ አንተ ጣዎስ!»

አልሰጣቸውም። የገመዱን አንድ ጫፍ ብቻ ለቀቀላቸው። እያንዳንዳቸው በአንድ ጫፍ ይዘው ከአጥሩ ጥግ ጀመሩ። ኤርዋን መግባትም መሄድም አቅቶት ቆሞ ያያል። እኔም ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

በእኛ በኩል ሲያልፉ ሊዛንድር ጠራው። «ኤርዋን፣ የቶንቶን ሥራ ምንድን ነው ብለህኝ ነበር።»

«ብዬሃለሁ።»

«ጎትቼ እስክጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።»

«እሱ ሥራ ነው?»

«ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ የሠራው ሥራ ነው። ሌላ ሰው አልቀጥርም።»

ፊርማን ሰምተዋል። አንገታቸውን ደፍተው ገመዱን እየጎተቱ፣ «ዓይንህ መሬት ላይ ይሁን፣ ጠርዙን ዘለልክ» አሉ። አንድ ዙር ሙሉ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው ሄዱ።

ኤርዋን ራሱን አሸት አሸት አደረገ። መረቡ በሚቀጥለው ዙር ሲደርስ፣ «እሺ» አለ። «ሙሴ ፊርማን ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ። መጥረጊያው ግን መኪና ውስጥ ይቀራል።»

«ተስማምቻለሁ» አሉ ፊርማን።

በሚቀጥለው ሳምንት ጣሊያን ነበርን። ጠዋት አውራ ጣታቸው ቀልቶ መጡ። «ዛሬ ጠጥቷል።» አፈሩ ደረቅ ነበር፤ «እሺ» ብዬ ማሽኑን አስነሳሁ። ሊዛንድር አውቆ ይሁን ረስቶ ከመሀል የጀመረው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። አሁን ግን መጀመሪያ ዳኛውን ይጠይቃል፤ ከዚያ ነው እጅ የሚነሳው። መጥረጊያው ከማሽኔ አጠገብ ታስሮ ይሄዳል። ዙር አለቀ ሲባል የፊርማን እግር አሁንም ይነሳል። ጎናቸው የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የኮታቸውን ጫፍ ይዤ።