የተውሶ ቀለበት

የአቡ ሙዓዝ ልጅ ሹሩቅ፣ ሰው ሰላም ሲላት እንኳ በልቧ "ምን ፈልጎ ይሆን?" የምትል ልጅ ናት። ዳቦ ስትገዛ ሥሩን ገልብጣ ታያለች። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው የምትቀመጠው፣ ያውም ባዶ ቦርሳ። ይህን ባሕርይ ከሰው አልተበደረችም። አባቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚህ ዮርዳኖስ፣ ከከረክ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኬላ ቆመው የሰው መኪና ሲያስከፍቱ ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ልባቸው ግን ዛሬም ከኬላው አልወረደም። በራቸው ሲንኳኳ "ማነው?" ይላሉ። መልሱን በደንብ ይሰሙታል። ከዚያ እንደገና "ማነው?" ይላሉ።

"ያባ፣ መጀመሪያ ግመልሽን እሰሪ፣ ከዚያ በአላህ ተመኪ" ይሏታል። እዚህ አባት ልጁን የሚጠራው ልጁ እሱን በምትጠራበት ስም ነው፤ ሁለቱም "ያባ" ይባባላሉ። የእኛ ሰው ይህንኑ ምክር ሲሰጥ "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር" ይላል። አቡ ሙዓዝ ገንፎ ቢያውቁ ኖሮ ስንጥሩን ፈልገው ሳያገኙ አይቀምሱትም ነበር።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ልጅ ኮሌጅ ስትገባ ምን መረጠች? ማኅበራዊ ሚዲያና የድረ ገጽ ሥራ። ራስን አደባባይ የማውጣት ትምህርት! ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። አባቷ ግን ሌባን ለመያዝ የሌባን መንገድ ማወቅ ደግ ነው ብለው ፈቀዱ። የከለከሏት ፊቷን እንዳታሳይና የእናቷን ስም እንዳታነሳ ብቻ ነው። እሳቸው ራሳቸው ገጿን የሚያዩበት መንገድ የላቸውም፤ ስልካቸው ያ ባለ ቁልፉ ነው፤ እሱንም ቢሆን የሚጠረጥሩት ይመስለኛል።

አስተማሪዋ ሚስ ሉብና ደግሞ የባሰች ናት።

"ልጆች፣" ትላለች ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች፣ "ኢንተርኔት ላይ የእናታችሁን ወገን የሚጠይቅ ሰው ሊዛመዳችሁ አይደለም። አካውንታችሁን ሊዘርፍ ነው። የይለፍ ቃል ሲጠፋባችሁ መመለሻ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ምንድነው? የእናታችሁ የቤተሰብ ስም! አዎ ወይስ አይደለም?"

"አዎ ሚስ" አሉ ልጆቹ እየተሳሳቁ። ሹሩቅ ግን አልሳቀችም። ዓለም ልክ እሷ እንደጠረጠረቻት ሆና በመገኘቷ ደስ አላት።

የመጨረሻው ሥራቸው እያንዳንዱ የራሱን ድረ ገጽ እንዲሠራ ነበር። ሹሩቅ ተጠበበችበት። "ሥራዎቼ" በሚለው ገጽ ላይ ለአጎቷ የጀሚድ ሱቅ የሠራችውን ማስታወቂያ አስገባች፤ እንደ በረዶ የነጡ የደረቅ እርጎ ድቡልቡሎች ተደርድረው። "ስለ እኔ" የሚለው ላይ የሚበዛውን ደበቀች። "ጻፉልኝ" የሚለውን ሚስ ሉብና አስገደደቻት እንጂ በፈቃዷ አልከፈተችውም። ከሁሉ በላይ የገጹ ግንባር ላይ ፊቷ መግባት በነበረበት ቦታ እጆቿን አስገባች፤ ኪቦርድ ላይ ያረፉ ሁለት ቀጫጭን፣ ባዶ እጆች። ያማሩ እጆች ናቸው፤ እሷም ታውቀዋለች።

አንድ የማትጠረጥረው ሰው ነበራት። ቁሰይ ይባላል፤ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን ኮምፒዩተሯን እንደተከፈተ ረስታ ወጣችና ደንግጣ ስትሮጥ ተመለሰች። ቁሰይ ወንበሩን አዙሮ፣ ጀርባውን ለስክሪኗ ሰጥቶ፣ ማንም እንዳያይባት ዘብ ቆሞላት አገኘችው። እሱም አላየም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቧ ከእሱ ጋር ነው። ለማንም አልነገረችም፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ፤ ትወደው ነበር።

እሱ ለሥራ ልምምድ ወደ አቀባ ወደብ ሊሄድ ሲል ኮሪደር ላይ ተገናኙ።

"እናቴ ስለ አንቺ መጠየቋ አይቀርም" አላት የገዛ ጫማውን እያየ።

"ትጠይቅ" አለች ሹሩቅ፣ እሷም የእሱን ጫማ እያየች።

በቃ፣ ይኸው ነው። እዚህ አገር ይህ ትልቅ ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የእናቶች ሥራ ነው፤ ወንድ ልጅ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። ሹሩቅም ቤቷ ገብታ የቁሰይን እናት መጠበቅ ጀመረች። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት በኋላ፣ ሴቶች በሚጠያየቁበት ሰዓት፣ የሳሎኑን ትራሶች ታስተካክላለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ከአባቷ ቀድማ ትሮጣለች። ጆሮዋ በር ላይ ተተክሎ ቀረ።

በር ሳይንኳኳ "ጻፉልኝ" ላይ መልእክት ገባ። የላኪው ስም "ዝምተኛዋ ጽጌረዳ" ይላል። ፎቶው ጤዛ ያረፈበት ቀይ ጽጌረዳ ነው።

"ሰላም ዐለይኩም የኔ ልጅ። ማሻአላህ፣ ሥራሽ ያምራል። የእናትሽ ወገን እነማን ናቸው?"

ሹሩቅ ከወንበሯ ተነሳች። የእናትሽ ወገን! ቃል በቃል! አልመለሰችም፤ ጽጌረዳዋ ግን ዝም አላለችም።

"ጤናሽስ እንዴት ነው? መነጽር ታደርጊያለሽ?" አለች በሌላ ቀን። ቀጥሎ ደግሞ፣ "መንሰፍ ቤት ነው የምትሠሩት ወይስ ከውጭ ታስመጣላችሁ? አንቺ ትችያለሽ?"

ሌባ ስለ መንሰፍ፣ በጀሚድ ስለሚሠራ የበግ ሥጋና ሩዝ፣ ምን አገባው? ሌላ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይል ነበር። ሹሩቅ ግን ለዚህም መልስ አላት፤ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ ማን መቼ ገበያ እንደሚወጣ እያጠና ነው። ለቤተሰቡ አነበበችላቸው።

"ጽጌረዳ?" አሉ አቡ ሙዓዝ። "ያባ፣ ከጽጌረዳው ኋላ ጢም አለ። እኔን ስሚኝ።"

እናቷ ኡም ሙዓዝ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና አሉ።

"እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ ሴት ነው እንጂ ወንድ አይመስለኝም። እኔንም ለአባትሽ ሲያዩኝ መጀመሪያ የጠየቁት የእናቴን ወንድሞች፣ ቀጥሎ ዓይኔን ነው። ጥርሴንም አይተዋል።"

"ያኔ በር አንኳኩተው ነው የመጡት" አሉ አቡ ሙዓዝ። "ደህና ሰው በር ያንኳኳል። በመስኮት የሚገባ ምንድነው?"

"ሌባ" አለች ሹሩቅ።

"ቆርጠሽ መልሺለትና ይጥፋ" አሉ አባትየው። ኡም ሙዓዝ ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ሹሩቅ ቆርጣ መለሰች። "እኔ የታጨሁ ልጅ ነኝ። ፋቲሃ ተቀርቷል። ሌላ ጥያቄ ካለዎት እጮኛዬን ይጠይቁ፤ ፖሊስ ነው።" ይህ አልበቃትም። ውሸት ማስረጃ ይፈልጋል የሚለው ትምህርት ከኬላው ደርሷታል። ያገባች እህቷ በያን ዘንድ ሄዳ ቀለበቷን ተዋሰች።

"ምን ልትሠሪበት?" አለች በያን።

"ሰው ላባርርበት።"

"ወይ አንቺ ልጅ! ሰው በቀለበት ይጠራል እንጂ ይባረራል?"

ቀለበቱን በቀኝ እጇ አጠለቀች፤ የታጨች ሴት በቀኝ ነው የምታደርገው፤ ወደ ግራ የሚዛወረው በሠርጉ ቀን ነው። እጆቿን ኪቦርድ ላይ አሳርፋ እንደገና ፎቶ ተነሳችና የድሮውን አንስታ አዲሱን ተካች። ከሥሩም "በቅርቡ ሙሽራ" ብላ ጻፈች። ቀለበቱን ያኑ ዕለት ለእህቷ መለሰች።

መልስ ሳይውል ሳያድር መጣ። "መብሩክ የኔ ልጅ። አላህ በመልካም ያሳካልሽ። አላወቅኩም ነበርና ይቅርታ አድርጊልኝ።" ጽጌረዳዋ ከዚያ ወዲያ ጠፋች።

ሹሩቅ ሳቀች። ጨዋ ሌባ! ቀስ ብላ ግን "ይቅርታ" የምትለዋን ቃል መልሳ መላልሳ አነበበቻት። ይቅርታ የሚጠይቅ ሌባ ሰምታ አታውቅም።  ከዚያ ቃሏንም ጠረጠረቻት፤ ይቺ ደግሞ አዲስ ዘዴ መሆኗ ነው አለችና ዘጋችው። ሚስ ሉብና ለገጹ ከክፍሉ ሁሉ የላቀውን ማርክ ሰጠቻት፤ "ስለ ራስሽ ምንም ሳትናገሪ ሰው ያወቀሽ እንዲመስለው አድርገሻል" ብላ። ቀለበቱን አይታም እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት። ሹሩቅ ማርኩን ያለችው መስሏት አመሰገነች።

በር ግን አልተንኳኳም። ትራስ ማስተካከሉ ሰለቻት። እስካሁን ቁሰይን ምሮ የነበረው ጥርጣሬዋ አሁን ወደ እሱ ዞረ። አቀባ የባሕር ዳርቻ ነው፤ እንግዳ ይበዛበታል፤ አይጠፋም አንዷ። ምናልባት ያኔ ለስክሪኗ ጀርባውን የሰጠው አይቶ ጨርሶ ይሆናል። ስልኩ እጇ ላይ ነበረ፤ አንድ ቃል ብትጽፍለት ሁሉም ነገር ይፈታ ነበር። ቀድማ መጻፍ ግን ሞቷ ነው። ልጅቱ ይህችን አንዲት ቃል ብትጽፍ ኖሮ እያልኩ ዛሬም እበሳጫለሁ።

የጎረቤት ልጅ የሂና ቀን፣ በሠርጓ ዋዜማ፣ ሴቶች ሁሉ ተሰብስበው ጭብጨባውና እልልታው ሲቀልጥ፣ አንዲት ወፍራም፣ ደስ የሚል ፊት ያላቸው ሴትዮ ሹሩቅን ሁለት ጉንጯን ሳሟት። ከሩቅ ታውቃቸዋለች፤ የቁሰይ እናት፣ ኡም ቁሰይ ናቸው።  መጡ! ሴትዮዋ ቀኝ እጇን ያዙና ጣቷን ዳበሱ።

"ቀለበትሽ የታለ የኔ ልጅ?"

"የምን ቀለበት፣ አክስቴ?"

"የእጮኛሽ ነዋ! የእህቴ ልጅ በስልኳ አጉልታ አሳየችኝ። ምን ያለ የሚያምር ቀለበት ነው! አላህ ይባርክልሽ።" ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "አሁን ካለፈ ልንገርሽ፣ ያቺ ጽጌረዳ እኔ ነኝ። አትሳቂብኝ። ለቁሰይ ልጠይቅሽ ነበር። በር ላይ መጥቼ ኋላ ባይሆን የሁለታችንም ስም ይነሳል፤ ዱሮ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ጎረቤቱን ነበር የምንጠይቅ። እሱ 'እማ፣ ሹሩቅ ገጽ አላት፣ እዚያ ጠይቂያት' አለኝ። መታጨትሽን ስትነግሪኝ ኀፍረት ገደለኝ። በተጠየቀች ልጅ ላይ መጠየቅ ነውርም ሐራምም አይደል?"

"ቁሰይስ?" አለች ሹሩቅ። 

"አላመነኝም። ራሱ ገብቶ ቀለበቱን አየና 'በቃ እማ' አለኝ። ቀን ሙሉ አልበላም። ግን አልሐምዱሊላህ፣ ያለፈው ሐሙስ የአጎቱን ልጅ ጠይቀንለት ፋቲሃ ቀራን። ደህና ልጅ ናት።"

ሹሩቅ አፏን ከፈተች። አልታጨሁም አክስቴ፣ ውሸት ነው አክስቴ፣ እኔ እርስዎን ነበር የምጠብቀው። ምን ዋጋ አለው? አሁን የተጠየቀችው ሌላይቱ ናት፤ ያው ሕግ ነው።

"አላህ ያሳካለት" አለች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ቤቷ ገብታ አለቀሰች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ጀርባዋን አሻሹ፤ "ነግሬሽ ነበር" አላሉም፤ ይህን ሁልጊዜ አስታውስላቸዋለሁ። ሲነጋ ገጹን ከፈተችና ባለ ቀለበቱን ፎቶ አነሳችው። "በቅርቡ ሙሽራ" የሚለውንም ሰረዘች። ባዶዎቹን እጆች መለሰች። እነዚያ እጆች ግን እንደ ድሮው አልታዩም፤ በከረክ ቀለበት ከጣት ላይ ከወረደ ትርጉሙ አንድ ነው።

"ጻፉልኝ" ተጥለቀለቀ። "ምን ሆናችሁ የኔ እህት?" "ማን ነው የተወው?" "ምን አግኝተውባት ነው?" ይህችኛዋ ለሌላ ሰው ልትላክ ኖሮ ተሳስታ የመጣች ናት። ሹሩቅ ለሁሉም እውነቱን መለሰች፤ እጮኛ አልነበረኝም፣ ቀለበቱ የእህቴ ነው። እንዲህ ያለ የማይታመን ውሸት በከተማው ተሰምቶ አያውቅም ተባለ። በያን "የእኔ ነው፣ ይኸውላችሁ" ብላ ጣቷን ዘርግታ አሳየች። እህት ለእህቷ ትሸፍናለች አሏት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬው አቡ ሙዓዝ ዘንድ የደረሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ፀጉር ሊስተካከሉ ሄደው ነበር። ግማሽ ፀጉራቸው ሳይቆረጥ ተነሥተው መጡ። ሳሎን ገብተው ሹሩቅን ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት። አልጮኹም፤ ኬላ ላይም ጮኸው አያውቁም።

"ፖሊስ ነው አሉኝ" አሏት። "ማን ነበር?"

"ማንም አልነበረም፣ ያባ። ለዚያ ሌባ ብዬ ነው። አንተው አይደለህ ቆርጠሽ መልሺለት ያልከኝ?"

አቡ ሙዓዝ መልሱን በደንብ ሰሙት። ዓይኗን አዩ፤ ቀኝ እጇን አዩ፤ ተመልሰው ዓይኗን አዩ።

"ማን ነበር?" አሏት።